አጥንቷስ?

ያገሬ ልጆች፣ ጎጃሞች፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የእኛ ናቸው እንላለን። ናቸውም። የተወለዱት ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የተማሩት ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ የሽሬ ግንባር፣ ከዚያ የጣልያን ደሴት ላይ እስር፣ ከዚያ አምባሳደርነት። ይህን ሁሉ ዞረው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያወጡ ታሪኩን የጀመሩት ከማንኩሳ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህንም የላኩት ራሳቸው ወደተማሩበት ዲማ ነው። ዋሽንግተንና ለንደን የኖሩ ሰው ስለ ማንኩሳ ጻፉ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። ብንኮራ ማን ይፈርድብናል?

ግን ስለ እኛ ምን እንዳሉ ሰምተናል?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመዳችን ልጅ ሽማግሌ ልንሄድለት ነበር። የወደዳት ልጅ ነርስ ናት። ከመሄዳችን በፊት ቤት ተሰብስበን ጠላ እየጠጣን ተመካከርን። አንድ ጋሼ አሉ፤ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው አንድም ቀን አላመለጠኝም የሚሉ፣ እዚያ ውስጥ ያለውን የጉዱ ካሳን ንግግር በቃላቸው የሚወጡት። ጎንጨት አሉና «አጥንቷስ?» አሉ።

ዝም ተባለ። አንዷ አክስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የአያቷ እናት ሸክላ ትሠራ ነበር ይባላል» አለች። አለቀ። ሽምግልናው እዚያው ቀረ። ልጁ በሩ ጋ ቆሞ የጠላ ማንቆርቆሪያ እንደያዘ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

በመጽሐፉ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ የመጣውን ሁሉ በዘር እያናናቁ ልጅቱ ቆማ ስትቀር ስናነብ እንናደዳለን። ታዲያ እኛ ያን ቀን ምን አደረግን? እሳቸውስ ጉልት ነበራቸው። እኛ ያለን የባጃጅ ዕዳ ነው።

ጉዱ ካሳም ስሙ ካሳ ዳምጤ ነበር። ጉዱ ያለው ያገሩ ሰው ነው። ልማዳችሁ ሕይወት እንዳለው ነገር አያድግም፣ እንደ ድንጋይ ካብ ነው፣ ከሥሩ ሲነቃነቅ ላዩም ይናዳል ስላለ። ዛሬ ንግግሩን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። ቤታችን መጥቶ ቢናገረው ግን ያንኑ ቅጽል እንለጥፍበታለን።

ጥር እየመጣ ነው። ሽማግሌ የምትልኩ ሰባት ቤት ቁጠሩ፤ የሥጋ ዝምድና ለመለየት ነው፣ ደንብ ነው። ከዚያ አልፋችሁ የሸማኔ ነች፣ የቀጥቃጭ ነች፣ የሸክላ ሠሪ ነች አትበሉ። የሚል ካለ እዚያው ጠላው ላይ ተቆጡት፣ አባታችሁም ቢሆን። እኔ እንዳደረግሁት አንገታችሁን አትድፉ። ይህን የማይችል ሐዲስ የእኛ ናቸው ማለቱን ይተው።

ልጅቱ አሁንም እዚያው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የጋሼን የደም ግፊት በየወሩ የምትለካው እሷ ናት።