የመስኮት መስታወት ዘይት አይቀየርለትም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ሬዲዮው ላይ ስለ መኪና ይወራል። የአንድ አስመጪ ድርጅት ሰው ተጋብዘው ስለ ጋራንቲ ያስረዳሉ። የመጀመሪያውን የ5,000 ኪሎ ሜትር ሰርቪስ በሰዓቱ ያላስገባ ደንበኛ ዋስትናው በሙሉ ይሰረዛል አሉ። በሙሉ! አንድ አድማጭ ደውሎ ምክንያቱን ጠየቃቸው። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ የብረት ብናኝ ይጥላል፣ ዘይቱ ቶሎ ካልተቀየረ ሞተሩ ይበላል ብለው መለሱ።

ሰውየው የሚሸጡት ግን የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

የቱ ዘይት? የቱ ፒስተን? በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። የሻጮቻችን ማብራሪያ ግን ገና ከማደያ ሰልፍ አልወጣም። አዎ፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ የማርሽ ዘይት አለው። በየ5,000 የሚደፋ ግን አይደለም። የመጀመሪያው ሰርቪስ ላይ የሚሠራው ሌላ ነው። ብሎን ይጠበቃል፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይታያል፣ ፍሬን ይፈተሻል፣ ኮምፒውተር ይሰካል። ጥሩ ነገር ነው፤ ይደረግ። በቤንዚንና በናፍጣ መኪና ላይማ፣ በተለይ በእኛ አቧራ፣ ዘይት የሚያዘገይ ሰው በገዛ ገንዘቡ ይጫወታል። እዚህ ድረስ ከእንግዳው ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቡ የሚጀምረው "በሙሉ" ካሉበት ነው። ምክንያቱም ይቺን ቃል ከእሳቸው በፊት በጎረቤቴ ላይ አይቻታለሁ።

የጎረቤቴ መኪና አዲስ ናት፤ ዓመት አልሞላትም። ሜትር ታክሲ ስለሚሠራባት ኪሎ ሜትሩ ቶሎ ይሮጣል። 5,000 ሲቃረብ ወደ ገዛበት ቦታ ደወለ። ቀጠሮ የሰጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ታዲያ ሦስት ሳምንት መኪና አቁሞ ልጆቹን ምን ያብላቸው? ሠራ። በዚህ መሀል፣ ሐምሌ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል ያለው መስታወት ወርዶ አልወጣም አለ። መውጪያው ላይ ያለችው ትንሽ ሞተር ተቃጥላለች። ዝናቡ ወንበሩ ላይ እየወረደ መኪናዋን ወደ ሻጩ ይዟት ሄደ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ የከፈተው መኪናዋን ሳይሆን የሰርቪስ ደብተሯን ነው። የመጀመሪያው ማኅተም ቦታ ባዶ ነው። ቆጣሪው 6,340 ይላል። "1,340 አሳልፈዋል፤ ጋራንቲ የለም።" በቃ። ሜካኒክ እንኳ ወደ መኪናዋ አልተጠጋም።

እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ። ብሎን ያልጠበቀ ሰው መስታወቱ ለምን ይቀጣል? ጥርሱን ለመታየት ቀጠሮ ያለፈበት ሰው እግሩ ቢሰበር ሐኪሙ "አንተማ ጥርስህን አላሳየህም" ብሎ ይመልሰዋል? ማቀዝቀዣው ፈሳሽ አልቆ ባትሪው ቢጎዳና ያንን ፍተሻው ይደርስበት የነበረ ቢሆን፣ እሺ፣ ሻጩ ይከራከር። ግን አንደኛው ሌላውን እንዳበላሸ ያሳይ። ማሳየት የእሱ ሥራ ነው። የዘገየ ሰርቪስ ዋጋው ያበላሸው ዕቃ ነው እንጂ ሬዲዮው፣ መቀመጫው፣ መስታወቱ፣ የበሩ እጀታ አይደለም። ከ1,340 ኪሎ ሜትር ጋር የተያያዘው የሻጩ ኪስ ብቻ ነው።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የማግኑሰን ሞስ ሕግ አለ። ዘይቱን ሌላ ጋራዥ አስቀየርክ ወይም ራስህ ቀየርክ ተብሎ ብቻ ዋስትና አይነጠቅም። ብልሽቱ ከዚያ መምጣቱን ማሳየት ያለበት ኩባንያው ነው። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ የቶዮታውን ዘይት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው የሚቀይረው። ደረሰኞቹን በፖስታ አድርጎ መኪናው ውስጥ ያስቀምጣል፤ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

"ፈርሟል እኮ!" የሚሉኝ አሉ። ምን ላይ? በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ከቁልፉ ጋር የተሰጠ ወረቀት ላይ። አንዳንዱ መኪናማ ስክሪኑ ራሱ ቻይንኛ ነው የሚያወራው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ያቀረበው የውል ቃል ሲያጠራጥር ባዘጋጀው ላይ እንዲተረጎም ያዛል፤ አንቀጽ 1738። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው። ሻጮቻችን ግን ደንበኛው መጽሐፉን አላነበበም ብለው ይቆጣሉ። እነሱስ የትኛውን አነበቡ?

ደግሞ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ የሚኖር ይመስላቸዋል። ሻጩ ያለው አንድ ጋራዥ፣ እሱም አዲስ አበባ ከሆነ፣ ጎንደር ያለው ደንበኛ ምን ያድርግ? መንገዱ አንድ ጊዜ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የመጀመሪያው ምርመራ በ1,000 ኪሎ ሜትር ቢሆንማ፣ መጥቶ ሲመለስ ብቻ 1,400 ነድቷል። ሊታይ መጥቶ አሳልፏል ማለት ነው።

ጎረቤቴ ግን ትምህርት ወስዷል። ሁለተኛውን ሰርቪስ ከቀጠሮው 300 ኪሎ ሜትር ቀድሞ አስገባ። ማኅተሙን አሳይቶኛል፤ ደማቅ ሰማያዊ ነው። መስታወቱ አሁንም በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው።