ሦስት ፈረሶችና አንድ ጋሻ ጃግሬ

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የሚባለው የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤችቢኦ ተከታታይ ፊልም ያለቀ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ 73ቱንም ክፍል ከሃርድ ዲስኩ ላይ አጠፋው። አልተናደደም፣ አልተሳደበም። «ቦታ ይዞብኛል» ብቻ ነው ያለው። ጊዜው 2019 ነበር። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ከ2011 ጀምሮ ስምንት ሲዝን በፍላሽ እያስጫንን ያየነው ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪሞት እናይ ነበር። ማን ዙፋኑ ላይ እንደሚቀመጥ ስንከራከር እራት ቀዝቅዞብን ያውቃል። ይህን የማነሳው «ኤ ናይት ኦፍ ዘ ሰቨን ኪንግደምስ» የሚባል አዲስ ተከታታይ ፊልም ወደዚያ ዓለም ስለመለሰን ነው።

መጨረሻው ያስቀየመው እኛን ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራ ብለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኢንተርኔት ፈርመዋል። ብዙ ሰው የተቆጣው ዙፋኑን የምትፈልገው ዴኔሪስ እሳት በሚተፋው ድራጎኗ ዋና ከተማዋን በማቃጠሏ ነው። እኔን ያስከፋኝ ግን ጥድፊያው ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች አሥር አሥር ክፍል ነበራቸው። ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ደግሞ ስድስት ሆነ። ታሪኩ እየገዘፈ፣ ጊዜው እያጠረ ሄደ።

በዚህ መሀል የጠፋው መንገዱ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ከቦታ ቦታ ለመድረስ ይለፉ ነበር። ምርኮኛው ጄሚና ጠባቂው ብሪየን እየተናቆሩ በእግር ሄዱ። ትንሿ አርያና ሃውንድ የሚባለው ጨካኝ ተዋጊ አብረው ተንከራተቱ። ሃውንድ መሸታ ቤት ገብቶ ዶሮ ካልበላሁ ብሎ ያስነሳውን ጠብ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ ያንን ዓለም የወደድኩት እንዲህ ባሉ ሰዓቶች ነው። ሁለት የማይገጣጠሙ ሰዎች፣ ረጅም መንገድ፣ ረሃብ፣ ወሬ። በኋላ ግን ሁሉም እንደ አውሮፕላን መብረር ጀመረ። ትናንት ሰሜን ጫፍ የነበረ ሰው ዛሬ ደቡብ ደርሶ ታገኘዋለህ። መንገዱ ሲጠፋ ወሬውም አብሮ ጠፋ።

በ2022 በዚያው ዓለም የሚካሄደው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» መጣ። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን ከባድ ነው። አንድ ቤተሰብ በገዛ እጁ ሲጠፋፋ እያየህ፣ የሚስቅ ሰው ትፈልጋለህ፣ አታገኝም። ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብለን አየነው።

ከዚያ ዘንድሮ፣ በእኛ ጥር 10 ቀን 2018፣ የከተራ ዕለት፣ ኤችቢኦ ያንን «ኤ ናይት ኦፍ ዘ ሰቨን ኪንግደምስ» ጀመረ። ስድስት ክፍል ብቻ ነው። ክፍሎቹም አጫጭር ናቸው። ታሪኩ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከሚጀምርበት ዘመን መቶ ዓመት ገደማ ወደኋላ ይመለሳል። ድራጎኖቹ አልቀዋል። ዳንክ የሚባል መሬትም ጌታም የሌለው ረጅም ወጣት ፈረሰኛ አለ። ያሳደገውን ሽማግሌ ፈረሰኛ በገዛ እጁ ቀበረው። የቀረው ሦስት ፈረስና የሟቹ ሰይፍ ነው። አሽፎርድ በምትባል ቦታ የጉግስ ውድድር አለ ሲባል ወደዚያ ይሄዳል። (የእነሱ ውድድር በጥሩርና በረጅም ጦር ነው፣ ግን ጉግስ ከማለት የተሻለ ቃል የለኝም።) በመንገድ ላይ ጭንቅላቱን የተላጨ አንድ ልጅ ያገኛል። ልጁ ስሜ ኤግ ነው ይላል፣ እንቁላል ማለት ነው። ጋሻ ጃግሬህ ካልሆንኩ ብሎ ድርቅ ይላል።

ገና በመጀመሪያው ክፍል ዳንክ ሰይፉን ይዞ ሲወስን ያ ሁላችንም የምናውቀው ዝነኛ ሙዚቃ ይጀምራል። ወኔህ ይነሳል። በድንገት ይቋረጣል። ዳንክ ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብሎ እየተጸዳዳ ነው። በሳቅ ፈነዳን። ከ2019 ወዲህ በዚያ ዓለም ውስጥ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን አልወደዱትም። «ቀልድ አደረጉት» ይላሉ። ጦርነት የለም፣ ዙፋን የለም፣ ማሟሻ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሟሻ እንዳልሆነ ከልደቱ ይታወቃል። ደራሲው ጆርጅ ማርቲን የትልቁን ታሪክ፣ ማለትም «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተሠራበትን፣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ያወጣው በ1996 ነው። የዳንክና የኤግን የመጀመሪያ ታሪክ ያወጣው ደግሞ በ1998፣ ገና የትልቁ ታሪክ ሁለተኛ መጽሐፍ በወጣበት ዓመት ነው። ከዚያም በ2003ና በ2010 ሁለት ጨመረ። ከትልቁ ታሪክ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም። ከጎኑ አብሮት ያደገ ነው።

ደግሞስ ዳንክ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው ያለው ማነው? በውድድሩ የተሸነፈ ሰው ፈረሱንና ጥሩሩን ለአሸናፊው ያስረክባል። አንዴ ከወደቀ አለቀለት። ጥሩር ለመግዛት ከሦስቱ ፈረሶች አንዷን ይሸጣታል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሸጣት በኋላ ሳንቲም አውጥቶ ይሰጣል፣ ዛሬ ማታ አጃ ስጧት፣ ፖምም ጨምሩላት ብሎ። ከተማ በሙሉ ሲቃጠል ያልነካኝ ሰው ለዚህች ፈረስ ሆዴ ተላወሰ።

ቀለል ያለ ነው ማለት ልብ አይነካም ማለት አይደለም። አንድ ልዑል አሻንጉሊት የምታጫውት ልጅ ጣት ይሰብራል፣ ጨዋታዋ ዘሬን ሰድቧል ብሎ። ዳንክ ዘሎ ልዑሉን ይመታዋል። በንጉሥ ዘር ላይ የተነሳ እጅ ምን እንደሚጠብቀው ተመልካቹ ያውቃል። ያኔ ወንድሜ ከሶፋው ተነስቶ ቆመ። ፊልሙ ካለቀም በኋላ አልተቀመጠም። ያንን ያህል የደነገጠው እኮ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሦስት ማታ ስለሳቀ ነው። ዳንክ በር ሲያልፍ ጭንቅላቱን ሲመታ አይተነዋል። ኤግ ሲቆጣው ሰምተናል። እንደ ጎረቤት ለምደናቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም፣ ያላያችሁ እዩት።

ሁለተኛ ሲዝን እንደሚሠራ ተነግሯል። የሚመሠረተው በ2003ቱ ታሪክ ላይ ነው። ያም ታሪክ ከመጀመሪያው አይገዝፍም። ድርቅ ነው። አንድ ወንዝ ይገደባል፣ ሁለት ጎረቤት መኳንንት በውኃው ይጣላሉ፣ ዳንክና ኤግ መሀል ይገባሉ። የውኃ ጠብ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለተወደደ አዘጋጆቹ ሠራዊት ይጨምሩበት፣ ቤተ መንግሥት ይጨምሩበት ይሆናል። እባካችሁ አትጨምሩበት። ስድስት ክፍል ይበቃል። ወንዙ ትንሽ ይሁን፣ መንገዱ ይርዘም፣ ልጁም በበቅሎው ላይ ሆኖ ይጨቅጭቀው።