ራውንድ (ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ የሚያዩበት ሰዓት) ሲጀመር እናት ለምን ትወጣለች?

«ኦክስጅን አታድርጉበት። ኦክስጅን የተደረገለት ልጅ አይተርፍም።» ሐዋሳ ውስጥ ሕፃናት ክፍል የሠራ ነርስ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። እኔም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ የምንመልሰው በቁጣ ነው። አለዚያም መልስ ሳንሰጥ ቱቦውን አፍንጫው ላይ እናደርግና ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን።

እናትየዋ ግን ያለ ምክንያት አልፈራችም። ዓይኗ ያየውን ነው የምትናገረው። ኦክስጅን የሚደረግላቸው በጣም የታመሙት ልጆች ናቸው። በጣም ከታመሙት መካከል ደግሞ የሚሞቱ አሉ። ጎረቤቷ ልጇን ስታጣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነበር። ከዚህ ተነስታ «ኦክስጅኑ ነው የገደለው» ብትል ምን ይገርማል? የሚያስረዳት ሰው አላገኘችም። ማስረዳቱ ደግሞ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። «ሳንባው ስለታመመ አየሩ ብቻውን አልበቃውም። ጣቱ ላይ ያለችው መሣሪያ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በቁጥር ታሳያለች። ከ90 በታች ስትሆን ኦክስጅን ያስፈልገዋል። እየተሻለው ሲሄድ እየቀነስን እንነቅልለታለን። ቁጥሩን አንቺም አብረሽን ተከታተዪ።» ይህ የተነገራት እናት ሌሊቱን ሙሉ ቁጥሩን ስታይ ታድራለች። ልጁ ቱቦውን ጎትቶ ሲያወልቀው ቀድማ የምትጠራን እሷ ናት።

ለልጁና ለቤተሰቡ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ግን ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ትሕትና አድርገን ይዘነዋል። በዚህ ምክንያት የምናጣቸው ልጆች አሉ።

ደም ስንወስድም ያው ነው። «ደሙን ጨረሳችሁት» የሚል አባት አይጠፋም። 10 ኪሎ በሚመዝን ልጅ ሰውነት ውስጥ ወደ 800 ሚሊ ሊትር ደም አለ። ለተለመደው ምርመራ የምንወስደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይህን የነገርኩት አባት ሁሉ ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ማጅራት ገትር ተጠርጥሮ ከጀርባ ፈሳሽ ይወሰድ ሲባል ደግሞ «ሽባ ይሆንብኛል» ብለው የማይፈርሙ አሉ። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች እንደሆነ ማን ነገራቸው? ማጅራት ገትር ሕክምናው ሲዘገይ ጆሮ ያደነቁራል፤ ይገድላል። ብዙ ጊዜ ግን የምንሰጣቸው የሚፈረምበትን ወረቀት ብቻ ነው።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው የሚተኙ ልጆች ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከሁላ ወይም ከበንሳ የመጣች እናትን አስቡ። ልጇ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቷል፤ ወይም እግሩ አብጧል። ሆስፒታል የመጣችው ልጄ ይጠግብልኛል ብላ ነው። እኛ የምንሰጠው ግን ኤፍ 75 የሚባል ወተት ነው፤ ያውም በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም። ወተቱ ቀጭን ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ አለው። እናትየዋ ታያለች። ልጇ ያለቅሳል። «እዚህም ሊያስርቡት ነው» ትላለች። ሌሊት ላይ ነርሷ ዞር ስትል ከቤት የመጣውን የቡላ ገንፎ ታቀምሰዋለች። ያደገችው ደግሞ «ቡላ ጉልበት ይሰጣል» ሲባል እየሰማች ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዚያ ልጅ ልብ፣ አንጀትና ኩላሊት ብዙ ምግብ አይችሉም። በአንዴ ብዙ ከገባበት ሰውነቱ ውስጥ ያለው የማዕድን ሚዛን ይዛባል፤ ልቡ ሊደክም ይችላል። ወተቱ እንዲቀጥን የተደረገው ለዚህ ነው። ሲረጋጋ፣ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ መቀነስ ሲጀምር ኤፍ 100 ወደሚባለው ኃይሉ ከፍ ያለ ወተት ወይም ፕላምፒ ነት ወደሚባለው ከኦቾሎኒ የሚሠራ አልሚ ምግብ ይሸጋገራል። ይህን ቀድማ ያወቀች እናት ገንፎውን ታቆየዋለች። ያላወቀችውን ግን በማግሥቱ «ማን አብሊው አለሽ?» ብለን እንጮህባታለን። ልጇ በዕለቱ ከከፋ ደግሞ ጥፋቱን ተሸክማ ወደ ቤቷ የምትሄደው እሷ ናት። ይህ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ጠዋት ሐኪሞቹ ሊመጡ ሲሉ «አስታማሚዎች ውጡ!» ይባላል። እናቶች ተነስተው ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። ጥበቃው በሩን ይይዛል። ውስጥ ስለ ልጃቸው ይወራል። ሌሊት አንቀጥቅጦት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ጡት ይዞ እንደሆነ ይጠየቃል። ይህን የሚያውቀው ሰው በር ላይ ቆሟል። አዳሯ ነርስ እኔ ብሆን እንኳ ከዚያ ሁሉ አልጋ መካከል የእያንዳንዱን ልጅ ሌሊት እንደ እናቱ ላውቅ አልችልም። ራውንዱ ሲያልቅ እናትየዋ ትገባለች። የሚጠብቃት የመድኃኒት መግዣ ወረቀት ነው። «ምን አሉ?» ብትል «መድኃኒቱ ተቀይሯል፤ ሂጂ ግዢ» ትባላለች።

ክፍሉ ይጨናነቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነት ነው፣ ይጨናነቃል። ግን የሚቆየው በየአልጋው አንድ ሰው ከሆነ ችግሩ ይቃለላል። ሚስጥርስ? አዎ፣ አልጋ ዳር የማይነገር ነገር አለ። የኤች አይ ቪ ውጤትን ጎረቤት አልጋ እየሰማ አንናገርም፤ ለሱ ለብቻ መጥራት ነው። ለጥቂት ሚስጥር ተብሎ ግን ሁሉንም እናት በየቀኑ ማስወጣት ልክ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ወላጅ የታመመ ልጁን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲያይ የሚፈቅዱ ሆስፒታሎች ነበሩ። በእንግሊዝ እንኳ በሰር ሃሪ ፕላት የሚመራ ኮሚቴ ወላጆች ልጃቸውን በፈለጉት ሰዓት እንዲጠይቁ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ የመከረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ ካላስወጣናት በቀር እናት ከልጇ አልጋ አትርቅም። መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፋ ታድራለች። ሌላው ዓለም ታግሎ ያገኘው ነገር በእጃችን ነው። ግን እናትየዋን አጠገባችን አስቀምጠን አናዋያትም። ዕቃ ተሸካሚ፣ ላብራቶሪ ተላላኪና መድኃኒት ገዢ አድርገናታል።

ልጁስ? እሱን ጭራሽ ረስተነዋል። ልጅን የማስፈራራቱ ነገር የሚጀምረው ከቤት ነው። «ዝም ካላልክ መርፌ አስወጋሃለሁ» ያልተባለ ልጅ በከተማችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ነጭ ጋዋን ሲያይ ቅጣት የመጣበት ይመስለዋል። ዕድሜው ከአምስት በታች የሆነ ልጅ የታመመው ስላጠፋ እንደሆነ አድርጎ ሊያስብ ይችላል። «ይህ የመጣብህ ስላጠፋህ አይደለም» ማለት ለሱ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ደግሞ «አያምም፣ አያምም» እያልን እንወጋዋለን። አመመው። ከዚያ በኋላ ምን ብንለው ያምነናል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. በክትባት ጊዜ ሕመምን ስለመቀነስ ባወጣው መመሪያ ወላጅ አጠገብ እንዲሆን፣ ትንንሾቹ በወላጅ እቅፍ እንዲያዙ፣ የሚጠቡትም ከመወጋታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም እየተወጉ እንዲጠቡ መክሯል። ባለሙያውም ልጁን በውሸት ከማባበል እንዲቆጠብ ይላል። ታዲያ እኛ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) ደም ሥሩ ውስጥ ስናስገባ እናትን አስወጥተን፣ ልጁን በጀርባው አጋድመን፣ ለሦስት ለአራት የምንይዘው ለምንድን ነው? ለአራት ዓመት ልጅ ሥራው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንገር ይበቃል። ቀደም ብሎ ከተነገረው ሲፈራ ይውላል። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ከአንድ ቀን በፊት ማወቅ ይፈልጋል፤ ጥያቄም አለው። ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት ላይ ፕላስተር ለጥፎ ማሳየት ምንም ወጪ የለውም።

ይህ የኔ የግል አስተያየት ብቻም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ1989 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። አንቀጽ 12 ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና እንዲሰማ መብት ይሰጠዋል። ያልተነገረው ልጅ ስለ ምኑ ሐሳብ ይሰጣል?

ሐዋሳ ላይ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከሻሸመኔ ዙሪያ፣ ከወላይታ ሰው ይመጣል። አንድ ክፍል ውስጥ ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ይነገራል። አስተርጓሚው ማን ነው? አንዳንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አንዳንዴ የጎረቤት አልጋ እናት። አንዳንዴም ትምህርት ቤት አማርኛ የተማረው በሽተኛው ልጅ ራሱ! ኩላሊቱ መጎዳቱን ለእናቱ የሚተረጉም ልጅ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሸክም ለልጅ አይሰጥም። ከነርሶቹ መካከል የየቋንቋው ተናጋሪዎች አሉ። ተረኛ ሲመደብ ይህ ግምት ውስጥ ቢገባ፣ ሌላ ፈረቃ ላይ ላለው ባልደረባም ስልክ ቢደወል ብዙ ነገር ይቀላል።

አባቶችም አሉ። ፊርማ የሚጠበቀው ከነሱ ነው፤ የሚነገራቸው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እርሻ ላይ ወይም በር ላይ ናቸው። እናትየዋ ሰምታ፣ ግማሹን ረስታ፣ ፈርታ ትነግራቸዋለች። ከዚያ «ልጄን ስጡኝ፣ ልሂድ» ይመጣል። በስልክ አምስት ደቂቃ ማናገር ይህን ያስቀራል።

መቆጣታችን ሌላም ጣጣ አለው። እንጥሉን ያስቆረጠች ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ጨምቃ ያጠጣች እናት ትደብቀናለች። ብትናገር ምን እንደሚደርስባት ታውቃለች። እኛ ደግሞ ልጁ ለምን እንደደማ ወይም ጉበቱ ለምን እንደተጎዳ ስንፈልግ ቀን ይመሻል። ቀስ ብሎ «እማዬ፣ እዚህ ከመምጣትሽ በፊት ቤት ምን ሞከራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከአንዳንድ ምርመራ ይበልጣል። ጸበል ወይም ጸሎት ቤት መውሰድ የሚፈልጉትንም እንዲሁ። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ መስማማት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ልናናግራቸው ይገባል።

ጊዜ የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ሌሊት አንድ ተረኛ ስንት ልጅ እንደሚይዝ አይቻለሁ፤ ራሴም ይዣለሁ። የነርስ ቁጥር መጨመር አለበት፤ ይህ የአስተዳደሩ ዕዳ ነው። ግን ካኑላ ስናስገባ አፋችን ነፃ ነው። የኦክስጅኑ ማብራሪያ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እምቢ ያለን ቤተሰብ ለማግባባት፣ ጠፍቶ ሄዶ ብሶበት የተመለሰን ልጅ ለማከም የሚሄደው ጊዜ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በፈረቃ ርክክብ ላይ መድኃኒቱንና ሙቀቱን እንደምንነጋገር «ለቤተሰቡ ምን ተነገረ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ካርዱ ላይም አንድ መስመር ይጻፍበት። ካልተጻፈ እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን። አስተዳደሩም ለአስታማሚ እናት መተኛ ቦታና ምግብ ያስብ። ጾሟን የዋለች እናት የምንነግራትን መያዝ ይከብዳታል፤ ለልጇ የምታጠባውም ያጥራታል።

ልጁ ሲወጣ የሚነገረውም ከራውንዱ ባልተናነሰ መታሰብ አለበት። «ገባሽ?» ብለን እንጠይቃለን፤ «እሺ» ትላለች። ለነጭ ጋዋን «አልገባኝም» የሚል ሰው ትንሽ ነው። ስለዚህ «ቤት ስትደርሺ እንዴት ነው የምታዘጋጂው? እስቲ አሳዪኝ» እንበላት። አንዱን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት በስንት ውኃ እንደምትበጠብጥ በእጇ ታሳየን። ብዙዎቹ ፓኬቶች ለአንድ ሊትር ናቸው፤ በአንድ ስኒ ውኃ የሚበጠብጥ ሰው አለ፤ ያ ልጁን ይጎዳዋል። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚሰጥ ትንገረን። ልጁ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ በዚያው ቀን እንደምታመጣው ከአፏ እንስማ።

ወላጆችም ጠይቁን። የልጄ በሽታ ስሙ ምንድን ነው? ይህ መድኃኒት ምን ያደርግለታል? እምቢ ብል ምን ይመጣል? ቤት ስሄድ ምን ካየሁ ነው የምመለሰው? ሁለቴ ሦስቴ ጠይቁ። በዚህ የሚቆጣችሁ ነርስ ካለ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ኃላፊውን ጥሩና ንገሩ።