አይቶ እንዳላየ

አንዳንድ አስተናጋጅ ዓይኑ የሚሠራው ሒሳብ ሲደርስ ብቻ ነው። ትናንት ማኪያቶ ላዝዝ እጄን ባነሳ፣ ልጁ ከአናቴ በላይ ያለውን ግድግዳ ያጠና ጀመር። ባጨበጭብ ፎጣውን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ አዛወረ። ዓይን ለዓይን ተጋጭተናል እኮ!

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን «የታወረ ዓይኑን አዞረ» ይሉታል፤ ነገሩንም ከባሕር ኃይል አዛዣቸው ከአድሚራል ኔልሰን ጋር ያያይዙታል። ሰውዬው በ1794 እ.ኤ.አ. ኮርሲካ ደሴት፣ ካልቪ ላይ ሲዋጋ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። በ1801 ደግሞ ኮፐንሃገን ደጃፍ ከዴንማርኮች ጋር በመድፍ ሲቆላ፣ አለቃው ሰር ሃይድ ፓርከር ከሩቅ ሆነው «ውጊያውን አቁም» የሚል የባንዲራ ምልክት ሰቀሉ። ኔልሰን ሆዬ፣ መነጽሩን በማያየው ዓይኑ ላይ ደግኖ «እኔ ምንም አይታየኝም!» አለ ይባላል። ድል አደረገ። ብዙም ሳይቆይ አለቃው ወደ አገር ቤት ተጠሩ፤ ቦታቸውን እሱ ወረሰ። ዛሬ ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ ከ50 ሜትር በሚበልጥ ዐምድ አናት ላይ ቆሟል። አላይም ያለውን ሰው ሁሉን ከሚያይበት ሰቀሉት!

እሱስ ይሁን፣ አንዱ ዓይኑ የምር አያይም ነበር። የኛዎቹ ሁለቱም ጤነኛ ነው። የሰፈራችን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ከተሰረቀ ክረምት አልፎታል። ሽማግሌው ዞሮ፣ ጎረምሳው ዘሎ ያልፋል። ነገ አንድ ሕፃን ቢገባበት ግን መንደሩ ሁሉ «እኔማ አይቼው ነበር» ባይ ነው። አይተህ ምን አደረግህ?

ደግሞ የአክስቴ ልጅ አለ። መኪናውን ከጋራዥ ሊያወጣ 3 ሺህ ብር ከወሰደ ወዲህ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሲያየኝ ያልጠራ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «አቤት ጋሼ! አቤት!» እያለ ይወጣል። የስልኩ መስታወት ጥቁር ነው፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ደህና ነው። እናቴ «ተወው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች። የምወደው ተረት ነው፤ እህልም ልብም ያድናል። ግን እማዬ፣ ዝም ባይነቅዝ ብር ይነቅዛል! ያኔ ኩንታል ጤፍ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ዛሬ ሩቡን ቢገዛ ነው።

ከአስተናጋጅ ተነስቼ የት ደረስኩ? ማኪያቶው በስተመጨረሻ መጥቷል፤ ቀዝቅዞ። ያንን ይቅር ብያለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን ይህን ሳያነብ አይቀርም፤ ስጠይቀው «ኧረ አላየሁትም» እንደሚለኝም አልጠራጠርም።