ሐሳብ መጣ ብላችሁ አትተዉት

ሜዲቴሽን፣ ማለትም ቁጭ ብሎ ትንፋሽን በጽሞና መከታተል፣ «አእምሮን ባዶ ማድረግ» ነው የሚለው አባባል ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ስንቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ቁጭ ስል ሐሳቡ ጭራሽ ይጎርፍብኛል። ለካ የሐሳብ መምጣት ጥፋት አይደለም። ሐሳቤ መሸሹን ልብ ብዬ ቀስ አድርጌ ወደ ትንፋሼ መመለስ፣ ልምምዱ ራሱ እሱ ነው። አሁን ጠዋት ስልኬን ሳልነካ አልጋዬ ጠርዝ ላይ 5 ደቂቃ እቀመጣለሁ። አየሩ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል፣ ሞቅ ብሎ ይወጣል። አወጣጡን ረዘም ሳደርገው የልቤ ምት ረገብ ይላል።

ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የጀመሩት የዚህ ልምምድ ሥልጠና 8 ሳምንት ነው የሚፈጀው። በ3 ቀን ለውጥ አላየሁም ብላችሁ አታቋርጡ። ዓይን መጨፈን የሚያስጨንቀው ሰው ግን ዓይኑን ገልጦ የእግሩን መሬት መርገጥ ይከታተል። ጭንቀቱ ከባሰበት ባለሙያ ያማክር።