ደላላ ጠፋ፣ እሰይ!

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ያለው የመብራት ምሰሶ ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ለብሷል። «ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ! ክፍያ በፍጹም የለም!» ይላል በትልቁ። ከታች ደግሞ ጉንዳን በምታክል ፊደል «የፕሮሰስ ብቻ» ይልና ስልክ ቁጥር ያስከትላል። የፈቃድ ቁጥር የለ፣ የቢሮ አድራሻ የለ። ምን ያደርጋል? ምሰሶው ራሱ ቢሮ ነው።

ሕግ ይመስገንና ወሎ ውስጥ ደላላ የሚባል ፍጡር አልቋል። ለውጭ አገር ሥራ ሰው መመልመል የሚችለው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ብቻ ነው ሲባል ደላሎቻችን ባንድ ሌሊት ድራሻቸው ጠፋ። በማግስቱ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ጃኬት «አስተባባሪ» ተቀምጦ ተገኘ። እንዲህ ለሕግ የሚታዘዝ ሕዝብ ከወዴት ይገኛል?

አስተባባሪያችን አዋጅ በወጣ ቁጥር ይወፍራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 632 ኤጀንሲዎች እንደሚልኩት ሰው ብዛት ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ ያዝዝ ነበር። በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 923 ዋስትናው 100 ሺህ ዶላር ገባ፤ የላኳት ልጅ መብት ሲነካ መጠየቂያ እንዲሆን። እሱ የሚያስይዘው ከማር ከጣፈጠ ንግግሩ በቀር ምንም የለውም። በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድ ሲታገድ ሌላው ሰው ሲጨነቅ ለእሱ መስከረም ጠባለት። እገዳው በ2010 እስኪነሳ ድረስ ከባቲ ቁልቁል፣ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ውስጥ እስካለው የኦቦክ የባሕር ዳርቻ ሲያስተባብር ከረመ። አዋጅ 923 «8ኛ ክፍል ያላጠናቀቀች አትሄድም» ሲል ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ አይተው የማያውቁ ልጆች 8ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አለፉ። በ2013 ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1246፣ መስፈርቱን ሲያነሳው የሐሰት የትምህርት ካርድ አዘጋጆቹን ማን አሰበላቸው? ቲተራቸው ደርቆ ቀረ።

ዕድሜ ግን አልተነሳም። ከ18 ዓመት በታች ክልክል ነው፤ አንዳንድ ተቀባይ አገር ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የአስተባባሪው ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ቁጥር እንኳ አይፍቅም። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተወለደች የ16 ዓመት ልጅ ያመጡለታል እንበል። «ዓ.ም.» የሚለውን ብቻ ይጥልና ያንኑ 2002 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቦታ ያስገባዋል። አለቀ! ልጅቷ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች 23 ሞላት። አንድም የሐሰት አኃዝ የለም፤ ቢጠየቅ «የካላንደር ስህተት ነው» ይላል፣ ካላንደሩ የእሱ አጎት ይመስል።

እስቲ የቤተሰቡን ነገር እናስላው። ታላቅ እህቷ በጥር 1999 ዓ.ም. ተወለደች፤ የእሷ ወረቀት በትክክል ወደ ፈረንጆቹ ተቀይሮ 2007 ሆኗል፣ 19 ዓመቷ ነው። ስለዚህ ታላቋ ከታናሿ በ4 ዓመት ታንሳለች። ትናንት በአንቀልባ ያዘለቻትን ልጅ ዛሬ «እትዬ» ልትላት ነው። እናታቸው የተዳሩት በጥር 1997 ዓ.ም. ነው፤ በአዲሱ ወረቀት ግን የፈረንጆቹ ኅዳር 2002 በእኛ 1995 ስለሆነ ታናሿ የተወለደችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሙሽራዋ በበቅሎ ሲመጡ የ2 ዓመቷ ልጃቸው ደጅ ላይ ቆማ ጠብቃቸዋለች፤ እልልም ብላ ይሆናል። አባትዬው ገና ሽማግሌ ሳይልኩ ልጃቸው ዳዴ ጨርሳለች። ዘመዱን በሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ይህን የትውልድ ሐረግ ቢያይ ጋቢውን አጣፍቶ አገር ጥሎ ይሄዳል። የወሳኝ ኩነት ማኅተም የያዘው ሰው ግን አይቶት ቀና አላለም፤ ቡናው ይቀዘቅዝበታል።

ሳቁ ይብቃ። ይህች ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ነገ በማታውቀው ቤት ደሞዟን ቢነፍጓት፣ ዘይት ቢደፋባት፣ ከፎቅ ብትወድቅ የሚከራከርላት ወረቀት «23» ይላል። አሻራዋም ከዚያ ዕድሜ ጋር ተመዝግቧል። ስሟ አብሮ ከተቀየረ ደግሞ እናቷ እናቷ መሆናቸውን ማስረዳት ያቅታቸዋል። ኤጀንሲው በሕግ ከአሠሪው ጋር በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን «ያመጣት ሰው የኛ አይደለም» ይላል። ሲያመጣት ግን የእናንተ ነበር! ማኅተሙን ያሳረፍከውም አንተ የልጅ ዕድሜ ሰርቀሃል፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፤ ይህን ሁሉ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ልጅቷ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራና ለክትባት፣ ለልደት ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነፃ ለሚል ማስረጃና ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት፣ ምዘና ነው። እያንዳንዱን የምትከፍለው ደግሞ ራሷ በመስኮቱ ነው፤ ደረሰኝ አለው። «ፕሮሰስ» የሚባል ነገር ከሁለቱም ወገን የለም። ስለሌለም ዋጋው አይታወቅም፤ ዋጋው ስለማይታወቅ በሦስት ዙር ይበላል፦ ፋይል ሲከፈት፣ «ቪዛው ወጣ» ሲባል፣ በመጨረሻም በረራው ሲቃረብ «ለአየር ማረፊያ ሰው» ተብሎ። ለሁለተኛው ዙር የምትታለበዋ ላም በባቲ ሰኞ ገበያ ትሸጣለች። ልጅቷ በጤና ምርመራ ብትወድቅስ? ፕሮሰስ አንዴ ከተጀመረ አይመለስም።

እናትየው ብሩን ከመቀነታቸው ፈተው፣ ሁለቴ ቆጥረው ይሰጡታል። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ፣ «ልጄ፣ እንዲያው ደረሰኝ ነገር ብትሰጠኝ?»

«ኧረ እማ! በእኔና በእርስዎ መሃል ደግሞ ወረቀት? አብሽሩ!» ይላቸዋል፣ የልጅቷን ፓስፖርት፣ የምርመራ ውጤትና ሁለቱንም የልደት ሰርተፊኬት ላስቲኩ ውስጥ እየከተተ።