ለ«እዚያው አካባቢ ነው» የቀረበ ምስጋና

ኮምፓይለርን፣ የጻፍነውን ኮድ ማሽን ወደሚገባው የሚተረጉመውን ፕሮግራም፣ «የስህተቱን ቦታ በትክክል አይናገርም» እያለ የሚያማ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምን በደለን? «መስመር 53 ላይ ስህተት አለ» ይለናል። እንሄዳለን። መስመር 53 ንጹሕ ነው፤ እንከን የለበትም። አላመን ብለን ደግመን እናነበዋለን፣ ፊደል በፊደል። ከተጻፈ ጀምሮ ያን መስመር በወጉ ያነበበው ሰው የተገኘው በዚያ ቀን ነው። ሌላ ማን እንዲህ አድርጎ ኮድ ያስነብበናል?

ጥፋቱ ያለው መስመር 47 ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ሴሚኮለን (;)፣ ትእዛዝ መዝጊያው ምልክት፣ ተረስቷል። በሲ ቋንቋ ግን አዲስ መስመርም ባዶ ቦታም ለኮምፓይለሩ አንድ ናቸው። ስለዚህ 47ን ያልፋል፣ አምስት መስመር ኮሜንት (ለሰው ብቻ የተጻፈ ማስታወሻ) ይዘላል፣ 53 ላይ ያልጠበቀው ቃል ሲገጥመው ይባንናል። የባነነበትን ቦታ ይነግረናል እንጂ የተሳሳትንበትን አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉ ይሆናል። ውሻውን ግን አትንኩት። ጮኋል እኮ።

ደግሞ ከዚህ የተወለደውን ጥበብ አስቡት። «የጠቆመህን ትተህ ከፍ ብለህ እይ»። አዲስ ለገባ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮው ላይ የሚንሾካሾክለት ይህ ነው። በትክክል የሚጠቁም መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ ነባሮቹ ለአዲሶቹ ምን እናወርሳቸው ነበር?

እርግጥ ነው፣ ይህን ደስታ ሊነጥቁን የተነሱ አልጠፉም። ክላንግ የሚሉት የሲ ኮምፓይለር አለ፤ ሴሚኮለን ስትረሳ የቀደመው ቃል ጫፍ ላይ ምልክት ያደርግና «እዚህ ጋ» ይላል። ሌላው የሲ ኮምፓይለር ጂሲሲም ዝም ብሎ አላየም፤ 2013 በወጣው 4.8ኛ ስሪቱ መስመሩን ራሱን እያተመ ከሥሩ ቀስት ማኖር ጀመረ። የፓይተን ቋንቋ ደግሞ ያልተዘጋ ቅንፍ ሲገጥመው ቀጣዩን መስመር ሲወነጅል ኖሮ፣ 2021 ላይ በ3.10 «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ብሎ መክፈቻውን ማሳየት አመጣ። ስንት ሰዓት የፈጀ የነበረ ፍለጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ጨዋታ ማበላሸት ይሏል ይሄ ነው።

ደግነቱ ኮለም፣ በመስመሩ ውስጥ ስንተኛው ቦታ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ አለልን። መስመሩ ቢገኝ እንኳ ኮለሙ ላይ ገና ብዙ መሳት ይቻላል። መቁጠር ከ0 ነው ከ1? አንዱ መሣሪያ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ታብ (መስመሩን ገባ የሚያደርገው ባዶ ምልክት) አንድ ነው ስምንት? እንደ ቆጣሪው ነው። በእኛ ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ነገሩ ይደምቃል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ዘዴ፣ አንዱ ሦስት ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል። የጎ ቋንቋ ኮምፓይለር ደግሞ ኮለምን የሚቆጥረው በባይት ነው። እንግዲህ በአንድ ታብ ገባ ብላችሁ «ሰላም ለሁላችሁ» የሚል ጽሑፍና አንድ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚይዝ ስም) የምታሳትም መስመር ጻፉ። ተለዋዋጩን ሳታስተዋውቁት ቀርታችኋል። በዓይን ስትቆጥሩት 27ኛው ቦታ ላይ ተቀምጧል። መልእክቱ ግን 43 ይላል። መስመሩ እኮ 28 ላይ አልቋል! ከመዝጊያው ቅንፍ አልፎ አሥራ አምስት ቦታ ርቆ ባዶ አየር ላይ ነው የጠቆመው። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዕይታ አያገኙትም። ለእኛና ለመሰሎቻችን የተሰጠ ነው።

ከአንድ ጽሑፍ ሌላ ኮድ በሚያወጡት በማክሮና በቴምፕሌት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ውለታቸውን ሁሉም ያውቀዋል። አንዲት ቃል በሲ ፕላስ ፕላስ ትሳሳታለህ፣ ስህተቱ ግን በሕይወትህ ከፍተህ በማታውቀው፣ ከቋንቋው ጋር በሚመጣው የመደበኛው ላይብረሪ ፋይል (ሄደር) ውስጥ ይዘረገፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ጃቫስክሪፕት ጨምቀው አንድ መስመር የሚያደርጉትን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። «ስህተቱ መስመር 1 ላይ ነው» ሲሉህ ከእውነት ዝንፍ አላሉም። ሌላ መስመር የለማ።

ጂሲሲን ደግሞ ስለ ግልጽነቱ። ለዘመናት ቦታን ሁሉ የሚይዘው በ32 ቢት ቁጥር ነበር። ኮዱና ሄደሩ ሲገዝፍበት ቁጥሩ ያልቃል፣ ያኔ መጀመሪያ የሚጥለው ኮለሙን ነው። ከጣለ በኋላ ግን አይደብቅም። «ከዚህ በኋላ ኮለም መከታተል ትቻለሁ» የሚል ማስታወሻ ይጽፍልሃል። ደክሞኛል ብሎ የሚናገር ማሽን የት ይገኛል? 2025 ላይ በ15ኛው ስሪት ወደ 64 ቢት አሳደጉት፤ ይህም ቀረ።

ከሁሉ የምወደው ግን የኮምፓይለር ሠሪዎቹን መልስ ነው። «የማስጠንቀቂያችሁ ቦታ ተሳስቷል» ስትሏቸው «ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፣ ቦታው ብቻ ነው» ይላሉ። ብቻ! ይህቺ «ብቻ» የምታመጣውን እንይ። ማስጠንቀቂያ ዝም የሚሰኘው በቦታው ነው። አንድ መስመር አጠገብ «እዚህ ጋ ዝም በል» የሚል ምልክት ታኖራለህ። ቦታው ከተሳሳተ ምልክቱን የምታኖረው ምንም ያላጠፋ መስመር ላይ ነው። ጥፋተኛው ጥፋቱን ይቀጥላል። ንጹሑ መስመር ደግሞ ነገ ሲያጠፋ ማንም አይነግርህም። እዚያው አካባቢ ነው፣ ምን ቸገረህ።

ለምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁና። ኮምፓይለር ኮዱን እንዳለ አይዘውም፤ ዛፍ ያደርገዋል፣ ዛፉን ይቆርጣል፣ በሌላ ይተካዋል። በተካ ቁጥር «ይህ የመጣው ከየት ነበር?» የሚለውን ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ ማሻገር አለበት። ከባድ ሥራ አይደለም። አሰልቺ ነው እንጂ። ደግሞ ብትተወው ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ሙከራዎቹ ሁሉ ያልፋሉ። ታዲያ ምን በወጣህ?

እኔ በሥራ ቦታ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጽፌ ነበር፤ የማዋቀሪያ ፋይል አንብባ ኮድ የምታመነጭ። እያንዳንዱ አዲስ ቅርንጫፍ የመስመር ቁጥር ካልሰጠኸው እሺ አይልም። ቸኩዬ ነበር። ሁሉም ላይ 1 አልኩት። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» የሚል ኮሜንትም አስቀመጥኩ፤ እስከ ዛሬ አለ።

ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ከሰዓቱን ሙሉ ከዚያች መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ጋር ሲታገል ዋለ። ወደ ማምሻው ላይ ላፕቶፑን ይዞ መጣ።

«ስማ፣ ይህቺ መሣሪያህ ጥፋቱ መስመር 1 ላይ ነው ትለኛለች።»

«እና?»

«መስመር 1 ላይ እኮ ኮሜንት ብቻ ነው ያለው። ‹ያዘጋጀው› ይልና የአንተ ስም ተጽፏል።»